የቡሬ ገመድ

በቤታችን ምሰሶ ላይ ከክንድ የማትበልጥ የቃጫ ገመድ ተንጠልጥላለች። ሁለቱም ጫፎቿ በማጭድ የተቆረጡ ናቸው፤ መሐሏ ላይ የሕፃን ጡጫ የምታህል ቋጠሮ አለች። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ያርፍባትና «ይች ደግሞ ምንድን ናት?» ይላል። እናቴ «የድሮ ላማችን ገመድ ናት» ትልና ወሬውን ወደ ሩዙ ወይም ወደ ዝናቡ ትመልሰዋለች። እኔ ቤት በጠረግሁ ቁጥር ከሥሯ አልፋለሁ። የምሰሶውን ጥቀርሻ አወርዳለሁ፣ እሷን ግን አልነካትም። በቅርቡ የእህቴ ልጅ መቅደስ አንገቷ ላይ ቢጫ ስካርፍ አስራ በራችን እስክትገባ ድረስ፣ ስለዚች ገመድ ለሰው እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጅ እያለሁ እኔም እንዲህ ያለ ስካርፍ ነበረኝ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ መምህር በላቸው የሚባሉ ከጎጃም በኩል የመጡ አስተማሪ በትምህርት ቤታችን የስካውት ክበብ አቋቋሙ። ስካርፉን ወረታ ገበያ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ሰፋልን፤ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ ነበር። የአዲስ ጨርቅ ሽታው እስኪለቅ ድረስ አፍንጫዬ ሥር አድርጌው እተኛ ነበር። የዚያን ጊዜ ስካውት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሦስት ጣት አንስተን ቃል ገባን፣ ሁልጊዜ እውነት እንናገራለን አልን። እርስ በርሳችን ሰላም የምንባባለው በግራ እጅ እንደሆነም ተማርን። እኔ ሞኟ ይህንኑ ቤት ይዤው ሄድሁና ለእናቴ ግራ እጄን ዘረጋሁላት። እናቴ እጄን መታ አድርጋ «ይህን ነው ያስተማሩሽ? ነገ ደግሞ በጀርባሽ ሂጂ ይሉሻል» አለችኝ። እህቴ ይታይሽ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ይታይሽ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እርሷ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። እኔ ግን ሰው ሲያናግረኝ ጉሮሮዬ የሚዘጋብኝ ልጅ ነበርሁ። መምህር ስሜን ሲጠሩ «አቤት» ማለት ያቅተኝና እጄን ብቻ አወጣ ነበር። ታዲያ ስካውት ውስጥ ለእኔ የሚሆን ሥራ ተገኘ። መምህር በላቸው የአካባቢ ዜና የሚሉትን ነገር ጀመሩ። እያንዳንዳችን ከየመንደራችን አንድ አንድ ዜና ይዘን እንመጣለን፤ እኔ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ሁሉንም በአንድ ደብተር እገለብጣለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ሾላ ሥር፣ ድምፅዋ የሚያስተጋባ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በቀበሌው ሜጋፎን ታነበዋለች። እኔ ከኋላዋ ደብተሩን ይዤ እቆማለሁ። የጻፍሁት በሌላ ሰው አፍ ሲነገር መስማት ደስ ይለኝ ነበር። መናገር ሳይኖርብኝ የተናገርሁ ይመስለኛል።

ዜናው ምን ነበር ብትሉ፣ የጠፋ በግ ተገኘ፣ የከብት ክትባት በዚህ ቀን ነው፣ ስካውቶች የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ጠረጉ፣ ርብ ወንዝ እስከ ድልድዩ እግር ሞላ፣ የመሳሰለው ነው። ሽማግሌዎቹ ከአዲስ አበባ ዜና ይልቅ እሱን ይወዱት ነበር። መምህር በላቸው አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ያዙን። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉት አራቱ ካልተመለሱ ዜና አይባልም፤ «ማን» የሌለበት ወሬ ሐሜት ነው ይሉ ነበር። እኔ በደብተሬ ኅዳግ አራቱን ቃላት ጽፌ አንድ አንዱን በእርሳስ ምልክት አደርግባቸው ነበር።

ቋጠሮም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የችግኝ ጣቢያውን አጥር ልናጥር የቀርከሃ እንጨት ለእንጨት ስናጋባ፣ ሁለት ገመድ የሚያያይዝ አንድ ቋጠሮ አሳዩን። ቀኝ በግራ፣ ግራ በቀኝ። በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል። መፍቻው ደግሞ መሳብ አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ከክበቡ ቀድሜ የቻልሁት እኔ ነበርሁ። መምህሩ የእኔን አንስተው ለሁሉም አሳዩ። «ይህ ግን ለእንጨት ነው» አሉ። ሰምቻቸዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ማመካኘት አልችልም።

የእኛ ቤት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ርቆ ነው። ከደጃችን ቆመን ስናይ ወደ ጎንደር የሚያልፉት የጭነት መኪኖች እንደ ጉንዳን ተራ ይታዩናል። በበጋ በእግር ይኬድበታል። በክረምት ግን በእኛና በመንገዱ መካከል ያለው ሁሉ ሩዝና ውሃ ነው፤ መኪናውን እያየን የምንቀመጥ እስረኞች ነን። ይታይሽ በዚያ ዓመት ስምንተኛን አልፋ ለመስከረም ወረታ ሄዳ ዘጠነኛ ልትጀምር ነበር። ከሁለት ልጆች ጋር የምትከራየው ክፍል ተገኝቷል። ክፍሉንም ደብተሩንም የምትችለው ላማችን ቡሬ ነበረች። እናቴ ቅቤዋን እየገፋች ለዚያ ታጠራቅማለች። ማታ ማታ ይታይሽ ግንባሯን በቡሬ ጎን አስደግፋ ስታልብ «አንችና እኔ ዘጠነኛ ልንገባ ነው» ትላት ነበር።

በክረምት አባታችን በሬዎቹን ውሃ ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው አገር ዘመድ ቤት ያወጣቸዋል። ለወተት ቡሬ ብቻ ትቀራለች። የሜዳው ሰው ደግሞ በክረምት ከብት አጥብቆ አያስርም። ከችካሉ የሚመጣው ገመድና ከላሟ አንገት ያለው ገመድ የሚጋጠሙት፣ ጫፉን ሲስቡት ወዲያው በሚለቅ ቋጠሮ ነው። ውሃ ሲመጣ በአንድ እጅ ስበህ ትለቃታለህ፤ ከብት ከለቀቁት ዋኝቶ ደረቅ መሬት ያገኛል። አባቴ «በክረምት አጥብቆ ያሰረ፣ ከብቱን ለውሃ የሰጠ ነው» ይል ነበር። ይህንንም ሰምቻለሁ።

ነሐሴ ሲገባ አባቴን ወገቡ ያዘውና ፍል ውሃ ሊገባ ወንዛዬ ሄደ። ማታ ማታ ቡሬን ማሰር የይታይሽ ሥራ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ላሚቱ የገመዱን ጫፍ በአፏ ስባ ፈታችና ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ሩዝ ውስጥ ገብታ አደረች። አያ ፈንቴ በጧት በሬዎቻቸውን ሳያወጡ ደጃችን ቆሙ። እናቴን ሳይሆን የፈለጉት እኔን ነበር።

«አንች ዜና ጸሐፊ» አሉኝ፣ «የእኔ ፍየል ጎመን ስትበላ ቀበሌው ሁሉ ሰምቷል። የእናንተ ላም ሩዝ ስትበላ ዝም ነው?»

ደብተሬን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«ጻፊው እንጂ። ወይስ ብዕርሽ የሰው ፍየል ብቻ ነው የሚያውቀው?»

ጻፍሁት። ለክረምቱ ወደ አገራቸው ያልሄዱት መምህር በላቸው ሲያነቡት «ማን ነው ያሰራት?» አሉኝ። እጄን ወደ ኅዳጉ ወሰድሁ፤ «ማን» የሚለው ላይ ምልክት አልነበረም። የእህቴን ስም ጨመርሁበት። እሁድ ከሾላው ሥር ተነበበ። «ላሟን ያላላችው ወጣት ይታይሽ ናት» ሲባል ሕዝቡ ሳቀ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ «ወረታ ሄዳ ልትማር ነው አሉ፤ ላም ማሰር ሳትማር» አለች። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ይታይሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የማያልቅ በሚመስለው የጭቃ መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ ብቻ እግሯን በሣር እየጠረገች «ስሜን አሳምረሽ ነው የጻፍሽው መሰለኝ፤ ሲነበብ እንኳ ያምራል» አለች። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሳይመሽ፣ እህቴ ቡሬን አስራ ከገባች በኋላ፣ እኔ ወጣሁ። እንጨት ልሰበስብ የወጣሁ መስዬ ነው። የይታይሽን ቋጠሮ ስቤ ፈታሁትና በእኔው አሰርሁት። ቀኝ በግራ፣ ግራ በቀኝ። ቡሬ አንገቷን አዙራ እጄን አሸተተችኝ፤ የገመዱን ጫፍ በከንፈሯ ሞከረችው፤ አልመጣላትም። ከእንግዲህ አያ ፈንቴ ሩዝ አትደርስም፣ እህቴ ላይ ማንም አይስቅም ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ። ጧት ቀድሜ ተነሥቼ ልፈታው አስቤ ነበር። በዚያ ቀን በሰፈራችን ዝናብ አልጣለም። ወደ ደብረ ታቦር በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። የእኛ አገር ጎርፍ እንዲህ ነው፤ ሰማይ እዚያ ማዶ ያለቅሳል፣ እንባው እኛ ደጅ ይደርሳል።

ሊነጋጋ ሲል የጥጃዋ ጩኸት ቀሰቀሰን። እግሬን ከመደቡ ሳወርድ ውሃ ረገጥሁ። እናቴ ጥጃዋን ጎትታ አስገባችና ሁለታችንንም ወደ ቆጡ አወጣችን። ይታይሽ ልብሷን ታጥቃ ወደ ቡሬ ሮጠች። በረቱ ከቤታችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው እዚያ እስከ ወገቧ ነበር። ከቆጡ ላይ በግድግዳው ክፍተት አያታለሁ። እጇን ወደ ገመዱ ሰድዳ እንደ ልማዷ ሳበች። እንደገና ሳበች። ከዚያ ቆም ብላ በጣቶቿ ዳበሰችው። ያችን አስተያየቷን አልረሳትም። አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ቤቱ፣ ወደ እኔ አየች።

መፍቻውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሁለቱን ጎን ይዘሽ ወደ ውስጥ ግፊ። ይህችን ነበር የምጮኸው። አፌን ከፍቻለሁ፤ ምላሴ ቃሉን ይዟል። ጉሮሮዬ ግን መምህር ስሜን እንደጠሩኝ ጊዜ ተዘጋ። አንዴ የወጣ መሰለኝ፤ ከጎኔ ያለችው ጥጃ እንኳ አልሰማችውም። እህቴ ስባ ስባ ሲያቅታት በጥርሷ ያዘችው። እርሷ በሳበች ቁጥር ቋጠሮው እየጠበቀ፣ ቃጫው ውሃ እየጠጣ እያበጠ ነው። እናቴ «ማጭድ! ማጭዱ የት ነው?» ትላለች፤ ማጭዱን አባቴ ለአረም ረዳቱ አውሶት ኖሯል፤ ቢላዋውም ከውሃው ሥር ጠፍቷል። የቡሬ ገመድ አጭር ነበር። ውሃው ከፍ ሲል እርሷ አንገቷን ከፍ ማድረግ አልቻለችም። አፍንጫዋ ብቻ ከላይ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ይታይሽ ጭንቅላቷን ደግፋ ይዛ ነበር። ውሃው ደረቷ ሲደርስ እናቴ ሄዳ በሹሩባዋ ጎትታ አመጣቻት።

ሁለት ቀን ቆጥ ላይ ተቀመጥን። በአራቱም ማዕዘን ውሃ ከቦናል። ጥጃዋ ትጮኻለች፣ እናቴ ትጸልያለች፣ ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከደጅ፣ ከበረቱ በኩል፣ አንዳች ነገር በውሃው ላይ ቀስ እያለ ከገመዱ ጋር ወደዚያ ወደዚህ ይላል። ማዶ መኪኖቹ ያልፋሉ። እኔ ከእህቴ ጀርባ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ፣ አሁን እነግራታለሁ፣ ጥጃዋ ዝም ስትል እነግራታለሁ፣ ሲነጋ እነግራታለሁ እያልሁ ጊዜው አለፈ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ቆጥ የወረድሁ ግን አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ታንኳ ይዘው የመጡልን አያ ፈንቴ ነበሩ። ሩዛቸው ሁሉ ከውሃው ሥር ነው። ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው አምጥተውልናል። በበረቱ አጠገብ ሲያልፉ መቅዘፊያውን አቁመው አዩ።

«ማን ነው ያሰራት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ይታይሽ።

«ባለፈው አላልተሽ፣ አሁን ደግሞ…» ብለው ጀመሩና የእናቴን ፊት ሲያዩ ተዉት። «ይሁን። ነፍስ ተርፋለች። ልጆች፣ ብሉ» አሉና ቆሎውን ለእኔ ሰጡኝ። ጨርቁን ሳልፈታው ያዝሁት።

አባቴ ከወንዛዬ ሲመለስ ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጎረቤቶች ቡሬን ሊቀብሩ ሲመጡ እርሱ ችካሉ አጠገብ ተቀመጠና ቋጠሮዋን ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ በዚህም በዚያም በኩል ቆርጦ ገመዷን ወደ ቤት አምጥቶ ምሰሶው ላይ ሰቀላት። ይታይሽ እንደገና «እኔ ነኝ» አለች። «እሺ» አላት። እርሷን ሲመልስላት ግን የሚያየው እኔን ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። አልተቆጣም። ሁልጊዜ በማታ ከሥራ ሲገባ ገመዷን ቀና ብሎ ያይና ይቀመጣል። ይጠብቀው የነበረው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ የጎርፉ ዜና ተነበበ። መምህር በላቸው ስካውቶቹን በየመንደሩ ልከው ምን እንደጠፋ አስመዝግበው ነበር። እኔ የቤታችንን ጻፍሁ። ስንት ቀን እንደተከበብን፣ ማን በታንኳ እንዳወጣን፣ ላሟ ታስራ እንደሞተች። መምህሩ አንብበው ዝቅ ብለው አዩኝ። «ጥሩ ነው። አንድ ነገር ይጎድለዋል» አሉ። ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ አልጠየቅሁም። ከኅዳጉ ላይ ሦስቱ ምልክት አላቸው፤ አንዱ ባዶ ነው። ጥቂት ጠብቀውኝ ደብተሩን ለአንባቢዋ ሰጡ። በዚያ እሁድ ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ግን እየዞሩ ይታይሽን አዩ፤ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ስሟ ሳይጻፍ ሁሉም አነበቡት።

መስከረም ጠባ፤ ያ ክፍል ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሽማግሌዎች ለይታይሽ የመጡት በጥር ነው፤ ወንዛዬ በኩል ላለ ገበሬ። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልልም። በሄደችበት ቀን በቅሎዋ ላይ ሆና የተጠቀለሉ ሁለት ደብተሮች ሰጠችኝና «ያልተጻፈባቸው ናቸው፤ ዘጠነኛ ስትገቢ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አለፍሁ። መምህር በላቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ለመኑ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ እናቴ ረዳት የላትም አልሁ። እውነት ነው፣ አልነበራትም። ግን እህቴ ያላለፈችበትን መንገድ እኔ በየትኛው እግሬ ላልፈው? አባቴ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ «እሷ ታውቃለች» አለ። ደብተሮቹ እስካሁን አሉ። ስካርፌን እናቴ ለጥጃዋ ልጅ ልጅ የአንገት ቃጭል ማሰሪያ አደረገችው።

አባቴ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሰሞን ይታይሽ የሙት ዓመቱን ለመምከር ከልጇ ጋር መጣች። አሁን ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ ግማሽ ሜዳው ያደርሳል፤ እኛ ግማሽ ቀን የምንለፋበትን መንገድ መቅደስ ከረሜላ ሳትጨርስ ትደርሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፏ እንደ እናቷ ነው። ስካርፏን አስተካክላ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ሳላስበው ግራ እጄን ሰጠኋት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«አክስቴ፣ አንች ደግሞ ከየት አወቅሽው?»

«እሷ ትልቅ ስካውት ነበረች» አለች ይታይሽ። መደቡ ላይ ተቀምጣ ሩዝ በሰፌድ እያበጠረች ነው። «ዜና ጸሐፊ።»

መቅደስ ወዲያው ደብተር አወጣች። ለሰኞ ከአካባቢያቸው አንድ ዜና ይዘው እንዲመጡ ታዘዋል። የእነሱ ዜና በሜጋፎን አይነበብም፤ አስተማሪያቸው በስልክ ፎቶ አንስቶ ለወላጆች ሁሉ ይልከዋል። ሾላው ሥር አሁን የሚቆም የለም፤ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ያልፋል። ብቻ ኅዳጉን ሳየው አራቱ ቃላት አሉ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ማን እንዳስተላለፈላቸው አላውቅም።

«ዜና ንገሪኝ» አለችኝ።

«ምን ዜና አለ እዚህ» አልሁ።

«የሆነ ነገር። ያቺ ገመድ ምንድን ናት?»

እናቴ እንደ ልማዷ «የድሮ ላማችን…» ብላ ልትጀምር ነበር። እኔ ቀደምኋት። ጉሮሮዬ ሲዘጋ ተሰምቶኛል፤ ግን የልጅ ፊት ነበር ከፊቴ ያለው፣ እርሳሷን አሹላ የምትጠብቅ። አንዲት ላም በጎርፍ ሞተች አልኋት። ምን የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እዚሁ፣ ከበረቱ ዘንድ። የት። መቼ ስትለኝ፣ እናትሽ ወረታ ልትሄድ ባለችበት ክረምት አልኋት። ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ይህን አልሰማችም ኖሯል። ላሟ የሞተችው መፍታት በማይቻል ቋጠሮ ታስራ ስለነበር ነው አልሁ።

«ማን ነው ያሰራት?»

የሰፌዱ ድምፅ ሲቆም ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «እናትሽ አላልታ፣ ደኅና አድርጋ አስራት ነበር። እኔ ፈትቼ አጠበቅሁት። ለማንም አልነገርሁም።»

መቅደስ መጻፏን ትታ ቀና አለች። «ይሄ እኮ አሮጌ ነው» አለች። «መምህራችን የዚህ ሳምንት ነው ያለው።»

«ጻፊው» አለች ይታይሽ። «እኛ ቤት ዛሬ ነው የደረሰው።»

አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስሁም። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ምንም ሥራ አልነበራትም። ይታይሽ ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ምሰሶው ሄደችና ገመዷን አወረደች። በዚያ ጧት በውሃ ውስጥ እንደዳበሰችው በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ስነካው ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ቋጠሮ በዚህ ሜዳ የሚያስር ሌላ ማን አለ? አባም አውቋል።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«ያንች ስም በሜጋፎን ቢጠራ አንች አትተርፊም ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ደግሞ ነገ ትናገራለች እያልሁ ነበር። ነገ፣ ነገ።»

ያኔ ሜዳው ሁሉ በአንድ ሾላ ሥር ተሰብስቦ የሁላችንን ስም ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ጆሮ ማምለጫ አልነበረም፣ እኔ ግን አመለጥሁ። ዛሬ ስም በስልክ ተልኮ ሳይነበብ ያልፋል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። መንገዱ ቀርቧል፤ እህቴ ግን ሠላሳ ልትሞላ ጥቂት ነው የቀራት፣ ዘጠነኛ ክፍልም አልጠበቃትም። ይህ በእኔ መናገር የሚፈታ አይደለም።

ይታይሽ አጠገቤ ተቀመጠችና ገመዷን ጭኔ ላይ አኖረቻት።

«እንዴት ነበር የሚፈታው?» አለችኝ።

«ሁለቱን ጎን ይዘሽ ወደ ውስጥ ግፊ» አልኋት። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ እናቴ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች።

እህቴ ሁለቱን ጎን ይዛ ገፋች። ቃጫው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አልተነቃነቀም። ጣቶቿን ግን አላነሣችም። እኔም እጄን በእጇ ላይ ጨምሬ አብረን መግፋት ጀመርን።